«ለምን?» የሚለውን ጥያቄ አናፍነው



ባለፈው መንፈቅ ዓመት ለማስተማር ልምምድ ወደየአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ በተሰማራንበት ወቅት ከመካከላችን አንዱ ያጋጠመውን ነገር ማታ በማደሪያችን አጫውቶን ነበር። አራተኛ ክፍል ገብቶ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮችን ማባዛት ያስተምራል። ሰሌዳው ላይ 23ን በ14 እያባዛ ነው። በመጀመሪያው መስመር 92 ጻፈ። ሁለተኛውን መስመር ማለትም 23ን አንድ ቤት ወደ ግራ ገፋ አድርጎ ሲጽፈው፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ለምንድን ነው ወደ ግራ የሚገፋው?» ስትል ጠየቀችው። ጓደኛችንም አየት አደረጋትና «ደንቡ ነው፤ ዝም ብለሽ ሥሪ» አላት። ልጅቱ ዝም አለች። ዝም ብላም ሠራች፤ መልሷም ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ ልምምዱ እስኪያልቅ ድረስ ያቺ እጅ ዳግመኛ አልወጣችም።

እኛም ሰምተን ሳቅን። «ጉድ አፈላችብህ!» ያልነውም አለን። ሳቃችንን ያቋረጠው ግን ራሱ ጓደኛችን ነው። «እሺ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?» አለን። በክፍሉ ውስጥ ስምንት ነበርን። ስምንታችንም ሁለተኛ ደረጃን ያጠናቀቅን፣ ስምንታችንም ማባዛት የምንችል ነን። አንዱ «እንጃ» አለ። ሌላው «ዜሮዋ ስለማትጻፍ ነው» አለ፤ «ዜሮዋስ ከየት መጣች?» ሲባል እሱም ዝም። እንግዲህ ነገ አርባና ሃምሳ ልጆች ፊት የምንቆም ዕጩ መምህራን፣ አንዲት የአራተኛ ክፍል ልጅ የጠየቀችውን ለስምንት ሆነን መመለስ አቃተን ማለት ነው።

በመሠረቱ እኛም የተማርነው እንዲሁ ነበር። ደንቡን ሸመደድን፣ ፈተናውን አለፍን፣ ደንቡን ይዘን እዚህ ደረስን። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ብሂል ለሌላ ቦታ ይሠራ እንደሆን እንጃ፤ ለመማሪያ ክፍል ግን አይሠራም። በመማሪያ ክፍል ውስጥ ዝምታ ይነቅዛል። ይህን እንድናስተውል ያደረገን ደግሞ መምህር ያልሆነ ሰው ነው።

በዚያው ሰሞን የኢንስቲትዩታችንን ኮምፒዩተሮች ለማስተካከል የመጣ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ነበር። በሻይ ሰዓት አብረን ተቀምጠን ሳለ ጠመኔ አንሥቶ «የማባዛት ሠንጠረዥ ጨርሶ የማያውቅ፣ እጥፍ ማድረግና ለሁለት መክፈል ብቻ የሚችል ሰው 23ን በ14 ሊያባዛ ይችላልን?» ሲል ጠየቀን። «ኧረ አይችልም!» አልነው። እሱም እንዲህ ጻፈ፦

23 … 14
11 … 28
5 … 56
2 … 112
1 … 224

በግራ በኩል ያለው ለሁለት እየተከፈለ ይወርዳል፤ ቀሪው ይጣላል። በቀኝ በኩል ያለው እጥፍ እየሆነ ይወርዳል። ከዚያም በግራው ጎዶሎ ቁጥር ያልሆነበት መስመር ይሰረዛል፤ እዚህ ላይ በ2 ትይዩ ያለው 112 መሆኑ ነው። የቀሩትን 14፣ 28፣ 56 እና 224ን ስንደምር 322 ይመጣል። በእኛ ዘዴም አባዛነው፤ ያው 322 ነው።

እኛን ያስገረመን ዘዴው ነበር። ይበልጥ ሊያስገርመን የሚገባው ግን የሰውየው ነገር ነው። ዘዴውን መጀመሪያ ያየ ዕለት እንቅልፍ እንዳልወሰደው ነገረን። ሌሊቱን አጭር ፕሮግራም ጽፎ በሺህ የሚቆጠሩ ጥንድ ቁጥሮችን አባዛበት፤ አንድም ስሕተት አላገኘም። እኛ ብንሆን እዚህ ላይ «በቃ ይሠራል» ብለን እንተኛለን። እሱ ግን «ሺህ ጊዜ ትክክል መሆኑ ለምን ትክክል እንደሆነ አይነግረኝም» ነው ያለን። መልሱን ያገኘው በማግስቱ፣ ማሽኑን አጥፍቶ በወረቀት ላይ ነው።

መልሱም ማንም የገበያ ሰው የሚገባው ሆኖ ተገኘ። 23 እንቁላል አለን፣ አንዱ 14 ብር ነው እንበል። እንቁላሎቹን ጥንድ ጥንድ እናድርጋቸው። 11 ጥንድ ይሆኑና አንድ ይተርፋል፤ የተረፈችውን ሒሳብ 14 ብር ለብቻ እንያዝ። ጥንዱ 28 ብር ነው። ጥንዶቹን እንደገና ብናጣምር 5 ባለ አራት ይሆኑና አንድ ጥንድ ይተርፋል፤ 28 ብር እንያዝ። ባለ አራቱ 56 ብር ነው። እነርሱንም ስናጣምር 2 ባለ ስምንት ሆነው አንድ ባለ አራት ይተርፋል፤ 56 ብር እንያዝ። ሁለቱ ባለ ስምንት፣ እያንዳንዳቸው በ112 ብር፣ ሲጣመሩ ግን የሚተርፍ የለም። 112 የተሰረዘውም ለዚህ ነው፤ ያልተረፈ ነገር ሒሳብ የለውም! በመጨረሻ አንድ ባለ 16 ቀረ፤ ዋጋው 224 ብር። የተያዘው ሁሉ ሲደመር 322 ብር። መሰረዙ አስማት ሳይሆን የትራፊ ሒሳብ ነው ማለት ነው።

ይህ ዘዴ በዓለም ፕሮግራመሮች ዘንድ «የኢትዮጵያ ማባዛት» ተብሎም እንደሚጠራ ወጣቱ ሲነግረን ደረታችንን ነፋን። እሱ ግን ወዲያው ገታን። ይኸው ዘዴ «የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት» ተብሎም ይጠራል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ዓመት ገደማ አህሜስ የተባለው ግብፃዊ ጸሐፊ በገለበጠው ፓፒረስ ላይም በእጥፍ እያደረጉ ማባዛት ይገኛል። ስለዚህ ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በስሙ ደስ ሊለን ይችላል፣ በስሙ ብቻ ግን «እኛ ፈጠርነው» ማለት አንችልም። «ለምን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደስ ስለሚለው ነገርም መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ በላይ ያስደነቀን ደግሞ ይህ ነው። ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በ0 እና በ1 ብቻ ነው። ሌብኒዝ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እንዲህ ያለውን አቆጣጠር የሚያብራራ ጽሑፍ ያወጣው ገና በ1703 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ አቆጣጠር 23 ሲጻፍ 10111 ይሆናል፤ ይኸውም አንድ 16፣ ባዶ 8፣ አንድ 4፣ አንድ 2፣ አንድ 1 ማለት ነው። እስቲ ከላይ ያለውን ዝርዝር ከታች ወደ ላይ እንየው፦ ተያዘ፣ ተሰረዘ፣ ተያዘ፣ ተያዘ፣ ተያዘ። 1፣ 0፣ 1፣ 1፣ 1። አንድ ነው! ለኮምፒዩተር በሁለት ማባዛት ማለትም አኃዞቹን አንድ ቤት ወደ ግራ መግፋት ብቻ ነው። 14 ሲጻፍ 1110 ነው፤ እጥፉ 28 ደግሞ 11100።

ወደ ግራ መግፋት! ያቺ ልጅ የጠየቀችው ይህንኑ አልነበረምን? ኮምፒዩተር የሚቆጥረው በሁለት ስለሆነ አንድ ቤት ሲገፋ በሁለት ያባዛል። እኛ የምንቆጥረው በአሥር ስለሆነ አንድ ቤት ስንገፋ በአሥር እናባዛለን። በ14 ውስጥ ያለችው 1 አንድ ሳትሆን አሥር ናት፤ ስለዚህ ሁለተኛው መስመር 23 ሳይሆን 230 ነው። የተደበቀችው ዜሮ ከዚህ ነው የመጣችው። ይህን ለልጅቱ ለማስረዳት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር። ጥያቄዋም የሰነፍ ጥያቄ ሳይሆን እስከ ኮምፒዩተሩ ሆድ ድረስ የሚያስገባ ጥያቄ ነበር።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጓደኞቻችን የሚያነሡት ክርክር አለ። «በዚህ ዘመን ስልኩ ሁሉን ያባዛል፤ ስለ ምንነቱ መልፋት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። እውነት ነው፣ ስልክ ከእኛ ፈጥኖ ያባዛል። ግን ማሽኑ ሲሳሳት ማን ያውቅበታል?

በ1994 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቨርጂኒያ ውስጥ ቶማስ ናይስሊ የተባሉ የሒሳብ መምህር እንደ 11 እና 13 በሁለት ብቻ የሚለያዩ ብቸኛ ቁጥሮችን እያጠኑ ሳሉ፣ ኮምፒዩተራቸው የሚሰጠው ውጤት ከሚጠበቀው ጋር አልገጥም አላቸው። ብዙዎቻችን «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብለን እንተወው ነበር። እርሳቸው ግን ለወራት አንድ በአንድ አጣሩ፤ ፕሮግራማቸውን መረመሩ፣ በሌላ ኮምፒዩተር ሞከሩ። በመጨረሻ ስሕተቱ ፔንቲየም ከተባለው የኢንቴል ኩባንያ ማስሊያ ላይ ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ሲያካፍል ከሚመለከተው ሠንጠረዥ ውስጥ አምስት ቦታዎች ሳይሞሉ ቀርተው ኖሯል። ለምሳሌ 4195835 ለ3145727 ሲካፈል 1.33382 መሆን ሲገባው ማሽኑ 1.33373 ይል ነበር።

ይህን ስሕተት ለመያዝ ከፍተኛ ሳይንስ አያስፈልግም። በአንደኛ ደረጃ «ድርሻውን በአካፋዩ አባዝታችሁ ተካፋዩ መምጣቱን አረጋግጡ» ተብለን ተምረናል። በዚያ ማሽን ላይ ይህ ማረጋገጫ ሲሠራና ውጤቱ ከተካፋዩ ሲቀነስ፣ ዜሮ መምጣት ሲገባው 256 ይመጣ ነበር። ኩባንያው መጀመሪያ ላይ ተራ ተጠቃሚ ስሕተቱ የሚያጋጥመው በ27,000 ዓመት አንድ ጊዜ ነው ብሎ ነበር። በታኅሣሥ ወር 1994 እ.ኤ.አ. ግን ለጠየቀ ሁሉ እለውጣለሁ አለ፤ ጉዳዩም 475 ሚሊዮን ዶላር አስወጣው። አንድ መምህር «ለምን?» ስላሉ! እንግዲህ ማሽኑ በበዛ ቁጥር የሚጠይቅ ሰው አስፈላጊነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ሁለተኛው ክርክር የበለጠ ይከብዳል። «ክፍሉ በተማሪ ተጨናንቋል፣ መጽሐፉ በጊዜው ማለቅ አለበት፣ ፈተናውም ለምን ብሎ አይጠይቅም» የሚል ነው። ይህ ችግር እውነተኛ ነው፤ በልምምዱ ጊዜ በዓይናችን አይተነዋል። ሁሉንም «ለምን» በአንድ ክፍለ ጊዜ መመለስ አይቻልም። ቢሆንም «ዛሬ ጊዜ የለንም፣ ነገ እናየዋለን» ማለትና «ዝም ብለሽ ሥሪ» ማለት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጥያቄውን ለነገ ያሳድረዋል፤ ሁለተኛው ይገድለዋል። ጊዜ ስላጣን የምንቆጣ ይመስለናል እንጂ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ብዙውን ጊዜ የምንቆጣው መልሱን ስለማናውቅ ነው። አለማወቃችን እንዳይታወቅብን ልጁን እናሳፍራለን።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ አባቶች። እኛም የመምህርነቱን ጥምጣም ከመጠምጠማችን በፊት እዚሁ ኢንስቲትዩት ሳለን ልናደርጋቸው የምንችላቸውን ሦስት ነገሮች ለማሳሰብ እንወዳለን።

አንደኛ፦ በምናዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ላይ አንዲት መስመር እንጨምር። «ተማሪ ለምን ብሎ ሊጠይቅ የሚችለው ምንድን ነው?» የምትል። መልሱን ካላወቅነው ክፍል ከመግባታችን በፊት እንፈልገው፣ እርስ በርስ እንጠያየቅ።

ሁለተኛ፦ «አላውቅም፤ ፈልጌ ነገ እነግራችኋለሁ» የሚለውን አነጋገር እንለማመድ። ፊት ለፊት ስንለው ምላስ ላይ ይከብዳል፤ በማደሪያችን ሞክረነዋል። ግን ነገ መልሱን ይዞ የሚመለስ መምህር አይናቅም። የሚናቀው የማያውቀውን በቁጣ የሚሸፍነው ነው።

ሦስተኛ፦ በዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ጥግ በየሳምንቱ አንድ የ«ለምን» ጥያቄ ይለጠፍ። የመጀመሪያውን እኛ እንጀምር፦ አንድን ክፍልፋይ ለሌላ ክፍልፋይ ስናካፍል ሁለተኛውን ገልብጠን የምናባዛው ለምንድን ነው? «ደንቡ ነው» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም!

ጓደኛችን ወደዚያች ልጅ ሳይመለስ አልቀረም። ልምምዱ ካለቀ በኋላ ነገሩ ስለከነከነው፣ የክፍሉን መምህር አስፈቅዶ አንድ ቀን ለአሥር ደቂቃ ገባ። በጠመኔ 23 እንቁላል ሣለ፣ ስለ ተደበቀችው ዜሮም አስረዳ። ሲጨርስም «ጥያቄ ያለው?» አለ። ልጅቱ እጇን ታነሣለች ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አላነሣችም። አንድ ጊዜ የታጠፈች እጅ በአንድ ቀን አትዘረጋም። ሊወጣ ሲል ግን አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ ተነሥቶ «ቲቸር፣ ኮምፒዩተሩ ለምን እንደኛ በአሥር አይቆጥርም?» ሲል ጠየቀው።

ጓደኛችንም መልሱን በደንብ ስላላወቀው «ፈልጌ እመጣለሁ» ብሎት ወጣ። አሁን ስምንታችንም እየፈለግን ነው።

«ለምን?» የምትል እጅ ከፍ ትበል!