የበር እጀታውን ማን ያጥባል?



ኅዳር 12 ቀን በመጣ ቁጥር በየሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ ይታጠናል። ልማዱ የሚነሣው ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ነው። እኛ ከዋጫና ከቦንጋ የመጣን ተማሪዎች ይህን አንነቅፍም። የምንነቅፈው አንድ ቀን አጭሶ በቀረው ዓመት እጅን አጣጥፎ መቀመጥን ነው።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን በገባ ጊዜ ሁሉም የንጽሕና ሰባኪ ሆኖ ነበር። በየደጁ የእጅ መታጠቢያ ቆመ፤ በብዙ የዓለም ከተሞች መንገዱ ሳይቀር መድኃኒት ተረጨ። ሊቃውንትም ቫይረሱ በፕላስቲክና በማይዝግ ብረት ላይ እስከ 72 ሰዓት፣ በካርቶን ላይ እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል በቤተ ሙከራ አሳዩ። ኋላ በሽታው ይበልጡን የሚተላለፈው በአየር መሆኑ ሲታወቅ ግን፣ «እንግዲያው የዕቃ እጥበት ከንቱ ድካም ነበር» ባዮች ተነሡ። መታጠቢያውም ከደጁ ተነሣ።

ይህ አስተሳሰብ ስሕተት ነው እንላለን። ኮሮና መስኮት መክፈትን አስተማረን እንጂ አልጋ ማጠብን ተዉ አላለንም። ደግሞስ ሐኪም ቤት የአንድ በሽታ ብቻ ማደሪያ ነውን? ኅዳር 2018 ዓ.ም. በጂንካ የተገኘው ማርበርግ በሕመምተኛው ደምና ፈሳሽ፣ በነዚሁም በተበከለ አልጋና ልብስ የሚተላለፍ ነው። ከተያዙት መካከል የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። «ከንቱ ድካም» ባዩ ለነርሱ ምን መልስ አለው?

የሚያጥበውስ ማን ነው? በየትኛው ውሃ? ዘመድ ልናስታምም ባደርንበት፣ ስሙን በማንጠራው አንድ ሐኪም ቤት ቧንቧው ደርቆ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ በተቀደደ ጓንት፣ በአንዲት ባልዲ ውሃ መጸዳጃውንም የሕሙማኑንም ክፍል ስትወለውል አይተናል። እርሷን አንወቅስም። እድፍን ከክፍል ወደ ክፍል እንድታዞር ያስገደዳት ማን እንደ ሆነ ግን እንጠይቃለን።

በረኪና ተአምር አይሠራም። እድፉ አስቀድሞ በውሃና በሳሙና ካልታጠበ ኃይሉን ያጣል። ባለ 5 ከመቶው በረኪና ለወለልና ለእጀታ ሲሆን አንዱ እጅ በ49 እጅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ደም ለፈሰሰበት አንዱ በ9። እንግዲህ ከ50 እጅ 49ኙ ውሃ ከሆነ፣ ውሃ ለሌለው ሐኪም ቤት በረኪና መላክ ምን ይባላል?

ዝናብ በማይነጥፍበት በካፋ ምድር ይህ መሆኑ ያሳፍራል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው። የቆርቆሮ ጣሪያ አለ፤ የጎደለው አሸንዳና ታንከር ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቧንቧው ለሚደርቅበት ሐኪም ቤት ሁሉ አሸንዳና ታንከር ይግባለት። ሁለተኛ፣ መጸዳጃ ቤቱና የሕሙማኑ ክፍል ባልዲያቸውና መወልወያቸው ይለይ። ሦስተኛ፣ የፅዳት ሠራተኛዋ ጓንት፣ ቦቲ ጫማና ሥልጠና ታግኝ፤ ሐኪሞች ስለ በሽታ መከላከል ሲመክሩም አብራ ትቀመጥ። የትኛው እጀታ እንዳልታጠበ ከርሷ በላይ የሚያውቅ የለምና።

ወንድሞችና እኅቶች! ጠይቀን ብቻ አንቀመጥ። ለዕረፍት ወደ ዋጫ ስንመለስ አሸንዳ ለመግጠም ጉልበት አያንሰንም። ቀጣዩ ወረርሽኝ ቀን ቀጥሮ አይመጣምና፣ ሳይቃጠል በቅጠል።