ከተረፈ ደን የሚገኘው ሀብት የማን ነው?

እንደሚታወቀው ደን ሲቆረጥ ግንዱ ለጣውላና ለምሰሶ ይወሰዳል። ቅርፊቱ፣ ቅጠሉና ጭራሮው ግን «ተረፈ ምርት» ተብሎ ይጣላል ወይም ይቃጠላል። ሆኖም ዛፍ ራሱን ከተባይና ከበሽታ የሚከላከልባቸውን ብዙዎቹን ንጥረ ነገሮች የሚያከማቸው በዚሁ በሚናቀው ክፍሉ ውስጥ ነው። ስለዚህ ተረፈ ምርት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ዕውቀት ያልደረሰበት ሀብት ነው።

ለዚህ አንድ ማስረጃ እናቅርብ። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ደኖች «የው» የተባለ ዛፍ ይበቅላል። ጣውላ አምራቾች ከእብቅ ቆጥረው ከጭራሮው ጋር ያቃጥሉት ነበር። በ1962 (እ.ኤ.አ.) በመንግሥት የምርምር ፕሮግራም አማካይነት ቅርፊቱ ተሰበሰበ። ዎልና ዋኒ የተባሉት ተመራማሪዎች ከቅርፊቱ ውስጥ የካንሰርን መስፋፋት የሚገታ ንጥረ ነገር አገኙ፤ አወቃቀሩንም በ1971 ይፋ አደረጉ። በ1992 መድኃኒት ሆኖ ተፈቀደ።

ይሁን እንጂ ሁለት ቅራኔዎች ተከሰቱ። አንደኛ፣ በሕዝብ ግብር የተደረሰበት ግኝት በ1991 ለብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ኩባንያ ተላለፈ፤ መድኃኒቱም በውድ ዋጋ ገበያ ላይ ዋለ። ሁለተኛ፣ ቅርፊቱ የተገፈፈ ዛፍ ስለሚሞት የዛፉ ህልውና አሥጊ ሆነ። መፍትሔው የተገኘው ከቅጠል ነው። ተቆርጦ እንደገና ከሚያቆጠቁጥ የሌላ «የው» ዝርያ ቅጠል መነሻውን ንጥረ ነገር አውጥቶ መድኃኒቱን በፋብሪካ ማዘጋጀት ተቻለ።

ይህ ተሞክሮ የራሳችንን ደን በአዲስ ዓይን እንድንመለከት ያስገድደናል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗታል። ለብዙ ዓመታት ቅጠሉን ከእንጦጦ በጀርባቸው እያወረዱ ከተማይቱን ያበሰሉላት ድሃ ሴቶች ናቸው። ከጢሱ ጋር የሚባክነው ግን ሲኒዮል የተባለው ውህድ በብዛት የሚገኝበት፣ ለጉንፋን ቅባትና ለአፍ መጉመጥመጫ የሚውል ዘይት ነው። በቻይና፣ በስፔንና በፖርቱጋል ይኸው ዘይት ለግንዱ ሲባል ከተቆረጠ ባሕር ዛፍ ቅጠል ይመረታል።

ዘዴው የተሰወረ ምሥጢር አይደለም። የውሃ እንፋሎት በቅጠሉ መካከል ሲያልፍ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ሲቀዘቅዝም ዘይቱ ከውሃው በላይ ይንሳፈፋል። አረቄ የምታወጣ እናት መርሁን በሚገባ ታውቀዋለች። ዘይቱ የወጣለት ቅጠልም ደርቆ ምጣድ ሥር ሊነድ ይችላል። አንዱ ቅጠል ሁለት ጊዜ ይሠራል ማለት ነው።

ይህ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። ከ100 ኪሎ እርጥብ ነጭ ባሕር ዛፍ ቅጠል የሚገኘው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ያህል ብቻ ስለሆነ ማውጫው ከደኑ አጠገብ መተከል አለበት። ዘይቱ ቢዋጥ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ስለሆነ የጥራት ቁጥጥር የግድ ነው። ከመሬት ላይ የረገፈው ቅጠል ሁሉ ተጠርጎ ከተወሰደም አፈሩ ይራቆታል፤ ስለሆነም ከተቆረጠው ዛፍ ላይ ብቻ መውሰድ ይገባል።

ዋናው ጥያቄ ግን የባለቤትነት ነው። ዘይት ማውጫው በነጋዴ እጅ ከገባ፣ ቅጠል ተሸካሚዋ ነገም ያው ተሸካሚ ሆና ትቀራለች። እንጨት ቆራጮችና ቅጠል ለቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው የማውጫው ባለቤት ሲሆኑ፣ ምርምሩም ሲያግዛቸው፣ ሳይንስ የሠርቶ አደሩ መሣሪያ ይሆናል። ለዘመናት ሸክሙን የተሸከመ ትከሻ ከሀብቱም ተካፋይ መሆን አለበት እንላለን!