የጣዖቱ እልፍኝ ቁልፍ በማን እጅ ነበር?

በማኅበራችን የጥናት ክበብ ሰሞኑን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ቤተ ጣዖት ሲወሳ አንዱ ወገን፣ «ከባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት የተረፈ የካህናት ማታለያ ነውና ጊዜ አናጥፋበት» አለ። ሌላው ወገን የዐምዶቹን ውበት ሲያደንቅ አመሸ። እኛ ከሁለቱም ጋር አንስማማም። ሁለቱም ደጅ ቆመው ይፈርዳሉ እንጂ ወደ ውስጥ አልዘለቁም።

ውስጡ ምን ነበር? ግሪኮች ናኦስ፣ ሮማውያን ሴላ የሚሉት፣ በግንብ የታጠረ እልፍኝ ነው። የአምላኩ ሐውልት በዚያ ይቆማል፤ በሩም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ይከፈታል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ ሲባል እየሰማን ላደግን ለኛ ከመቅደስ ጋር ማመሳሰል ይቀናናል። ንጽጽሩ ጥቂት ይረዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ያሳስታል። በግሪክ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ውጪ፣ ከቤቱ ፊት ለፊት በቆመ መሠዊያ ላይ ነበር። ሕዝቡም የሚሰበሰበው እዚያው ፀሐይ ላይ ነው። እልፍኙ የሐውልቱ ማደሪያ እንጂ የጉባኤ አዳራሽ አልነበረም። ክርስቲያኖች በኋላ ትልልቅ አብያተ ክርስቲያናት ማነፅ ሲጀምሩ የቤተ ጣዖቱን ትተው ባዚሊካ የተባለውን የሮማውያን አዳራሽ መልክ የመረጡበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

«ተራ ሰው ከቶ አይገባበትም ነበር» የሚባለውም የተጋነነ ነው። በኤሊስ የነበረው የሐዴስ ቤት በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚከፈትና ካህኑ ብቻ እንደሚገባበት በ2ኛው መቶ ዓመት ፓውሳንያስ ጽፏል። ይኸው መንገደኛ ግን በሌሎች ብዙ ቤቶች ውስጥ የቆሙትን ሐውልቶች በዝርዝር ይገልጻል።

ይልቅ ክርክራችን ያልነካው ነገር ገንዘቡ ነው። እልፍኙ የሀብት ማስቀመጫ ጭምር ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ447 መሠራት የጀመረውን የአቴናን ፓርቴኖን እንመልከት። እልፍኙ ለሁለት የተከፈለ ሲሆን በምሥራቁ ክፍል ፊዲያስ የሠራው፣ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል የሆነ፣ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ የተዋቀረ የአቴና ሐውልት ቆሞ ነበር። ቱኪዲደስ እንደ ጻፈው፣ በ431 ጦርነት ሲጀመር ፔሪክሊስ የከተማውን ሀብት ለሕዝቡ ሲዘረዝር ሐውልቱ የለበሰውን 40 ታለንት ወርቅ አብሮ ቆጠረ። ይህ ከ1000 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ወርቁ ተነቃይ ሆኖ ስለ ተሠራ በችግር ጊዜ ወስዶ በኋላ መተካት ይቻላል አለ። አምላካቸውን ለብሳ የቆመችውን እንደ መጠባበቂያ ገንዘብ ቆጠሯት ማለት ነው! ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ላካሬስ የተባለ አምባገነን ወርቁን በእርግጥ ገፍፎ ወሰደው።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ፋርስን ለመመከት በ478 የተቋቋመው ኅብረት የጋራ ግምጃ ቤቱ በዴሎስ ደሴት ነበር። በ454 ግን ወደ አቴና ተዛወረ፤ ከያንዳንዱ መዋጮም ስድሳኛው እጅ ለአቴና ጣዖት ይነሣ ጀመር። አሻፈረኝ ያለው ምን እንደሚጠብቀው የሳሞስ ሰዎች ከ440 እስከ 439 አይተውታል። ፓርቴኖን ከዚህ ገንዘብ ምን ያህሉን እንደ ወሰደ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከራሉ። ፕሉታርክ እንደሚተርከው ግን ተቃዋሚዎቹ ፔሪክሊስን፣ የግሪኮችን የጋራ ገንዘብ ለከተማህ ማስጌጫ አዋልክ ብለው ሲከሱት፣ ከጠላት እስከ ጠበቅናቸው ድረስ ለአጋሮቻችን ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ የለብንም ሲል መለሰ።

በሌላ በኩል አቴናውያን ለራሳቸው ዜጎች ያደረጉትን መካድ አይገባም። የሕንፃው ወጪ በየዓመቱ በዕብነ በረድ ላይ ተቀርጾ ቆመ። የአቴና ንብረት ጠባቂዎችም በየዓመቱ ሲለዋወጡ በየክፍሉ ያለውን የወርቅና የብር ዕቃ እየቆጠሩና እየመዘኑ ያስረክቡ ነበር፤ ዝርዝሩም ከ434 ጀምሮ በድንጋይ ተጽፎ ለሕዝብ ይታይ ነበር። (ይህን የምንለው የማኅበራችንን ገንዘብ ያዥ ለማስደንገጥ አይደለም፤ ዕብነ በረድም አንጠይቀውም።) በሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ደጅ ቆሟል። ያም ቢሆን ያንን ሒሳብ አንብቦ በጉባኤ «ይህ ለምን ሆነ?» ማለት የሚችለው ወንድ ዜጋ ብቻ ነበር። ሴቶች፣ ባሮችና መዋጮውን የከፈሉት የደሴት ሰዎች ድምፅ አልነበራቸውም። እንግዲህ ጥናታችን ሊመረምረው የሚገባው ይህን ነው፤ «ማታለያ» ብሎ ማለፍ ግን ምርመራ አይደለም።

ሮማውያን ደግሞ እልፍኙን ለመንግሥት ሥራም አዋሉት። በ63 የካቲሊና ተባባሪዎች ጉዳይ በምክር ቤቱ የታየው በኮንኮርድያ ቤተ ጣዖት ውስጥ ነበር።

ጊዜ አናጥፋበት ለሚሉት አንድ ነገር እንጨምር። የፓርቴኖን እልፍኝ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1687 ባሩድ ማከማቻ በነበረበት ጊዜ በቬኒስ መድፍ ተመትቶ ፈነዳ። እኛ ባለንበት አካባቢም፣ በ32 ዓ.ም. የተመረቀው የፓልሚራ የቤል ቤት እልፍኝ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 በድማሚት ሲወድም መግቢያ በሩ ብቻውን ቆሞ ቀረ። በዚያው ወር የቅርሶቹን ጥበቃ ለብዙ ዓመታት የመሩት ኻሊድ አል አስዓድ ተገደሉ። «ጣዖት ነው፣ ምን ያደርጋል» የሚል ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከአባላቶቻችን ብዙዎቹ በአልቤክ ሄደው በስድስቱ የጁፒተር ዐምዶች ሥር ፎቶግራፍ ተነሥተው ተመልሰዋል። አጠገቡ ያለው የባኩስ ቤት ግን የእልፍኙ ግንብ እስከ ዛሬ አለ፤ በስተ ጀርባ ጣዖቱ ይቆምበት ወደ ነበረው ከፍታ የሚያወጣው ደረጃም ይታያል። የሚቀጥለው የጉብኝት ፕሮግራም ከዚያ እንዲጀምር፣ ክርክሩም እዚያው እልፍኙ ውስጥ እንዲቀጥል ለሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ አቅርበናል።