ካሳ ተቀባዩ ጎረቤት ሲረዳ፦ ከኩዌትና ከኢራቅ ታሪክ የሚነሣ የመለኪያ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2018 ለኢራቅ መልሶ ግንባታ ገንዘብ ለማሰባሰብ በኩዌት ከተማ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሄደ። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) የኢራቅ መንግሥት ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ ከሚጠራው ቡድን ጋር ያካሄደው ጦርነት ማብቃቱን ካወጀ ገና ሁለት ወሩ ነበር። ባግዳድ ያስፈልገኛል ያለችው ገንዘብ 88 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሲሆን፣ በጉባኤው ቃል የተገባላት ወደ 30 ቢሊዮን ነው፤ ከዚህም አብዛኛው ብድርና የብድር ዋስትና ነበር። አስተናጋጇ ኩዌት 2 ቢሊዮን ዶላር ቃል ገባች፤ ግማሹ ብድር፣ ግማሹ መዋዕለ ንዋይ። በዚያው ዓመት ኢራቅ ከሦስት ዓመት በላይ ተቋርጦ የነበረውን የጦርነት ካሳ ለኩዌት መክፈሏን ቀጠለች።

ሁለቱ ክንውኖች በአንድ ዓመት፣ በአንድ ድንበር ላይ፣ በተቃራኒ አቅጣጫ ተጓዙ። በጥናቶቻችን ውስጥ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው አይገኙም። አንዱን የእርዳታ ተመራማሪዎች፣ ሌላውን የዓለም አቀፍ ሕግ ሰዎች ያነቡታል። በእኔ እምነት ይህ ክፍፍል ዋጋ እያስከፈለን ነው። ረጂው ጎረቤት ባለካሳም በሆነ ጊዜ፣ ከለገሰው ገንዘብ ይልቅ ሳይቀበል ያቆየው ገንዘብ የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ መለኪያችን ደግሞ ይህን አያይም።

የካሳው መነሻ የታወቀ ነው። የኢራቅ ጦር ኦገስት 2 ቀን 1990 ኩዌትን ወረረ፤ ሰባት ወር ያህል ቆይቶ ሲወጣም ከ600 በላይ የነዳጅ ጉድጓዶችን አቃጠለ። የመጨረሻው እሳት የጠፋው በኖቬምበር 1991 ነው። የጸጥታው ምክር ቤት በውሳኔ ቁጥር 687 ኢራቅን ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ አደረገ፤ በውሳኔ ቁጥር 692 ደግሞ መቀመጫው ጄኔቫ የሆነ የካሳ ኮሚሽን አቋቋመ። ለኮሚሽኑ 2.7 ሚሊዮን ያህል አቤቱታዎች ቀረቡ፤ የተጠየቀው 352 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን የተፈቀደው 52.4 ቢሊዮን ነው። ኮሚሽኑ ከመንግሥታትና ከኩባንያዎች በፊት ግለሰቦችን ማስቀደሙ ሊመሰገን የሚገባው ነው። ሥራቸውንና ንብረታቸውን ጥለው የሸሹ የእስያና የአረብ አገሮች ሠራተኞች ከትልልቆቹ የነዳጅ ድርጅቶች ቀድመው ተከፍለዋል። ስለዚህ የካሳውን ፍትሐዊነት የሚክድ ክርክር እዚህ አላነሣም።

ጥያቄው ከፋዩ ማን ነበር የሚለው ነው። ኢራቅ በማዕቀብ ሥር ሳለች በ1996 መጨረሻ «ነዳጅ ለምግብ» የተባለው መርሐ ግብር ተጀመረ። በመርሐ ግብሩ ከሚሸጠው ነዳጅ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር 30ው ለካሳ ይቆረጥ ነበር። ለማዕከላዊና ለደቡብ ኢራቅ ሕዝብ ምግብና መድኃኒት የሚውለው 53 ዶላር፣ ለሰሜኑ ሦስት ግዛቶች 13 ዶላር ሲሆን፣ ቀሪው የተባበሩት መንግሥታትን ወጪ ይሸፍናል። የካሳው ድርሻ በ2000 መጨረሻ ወደ 25፣ በ2003 የሳዳም ሑሴን መንግሥት ከወደቀ በኋላ ወደ 5 በመቶ ወረደ። የአንዱ ተጎጂ መብትና የሌላው ተጎጂ ዳቦ ከአንድ በርሜል ይቀዱ ነበር ማለት ነው። ከዓመታት በኋላም ወረራው ሲፈጸም ያልተወለደው የባስራ ልጅ የዕዳው ተካፋይ ሆኖ ቀጥሏል።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው የ2014 ቀውስ ነው። ሞሱል በጁን ወር ወደቀች፤ በዚያው ዓመት አጋማሽ የጀመረው የነዳጅ ዋጋ ማሽቆልቆል የመንግሥቱን ገቢ አናጋ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ተፈናቀለ። የቀረው የካሳ ዕዳ 4.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ ሁሉም ለአንድ ጠያቂ፣ ለኩዌት ብሔራዊ የነዳጅ ድርጅት፣ የሚከፈል። ኢራቅ እንዲዘገይላት ጠየቀች፤ የኮሚሽኑ የበላይ ምክር ቤትም ኩዌት ተስማምታ ክፍያውን አገደው፤ እገዳውም በተከታታይ ተራዘመ። ክፍያው ሲቀጥል እንኳ በአንድ ጊዜ ወደ 5 በመቶ አልተመለሰም፤ በ2018 ግማሽ በመቶ፣ በ2019 አንድ ተኩል፣ ከ2020 ጀምሮ ሦስት በመቶ እንዲሆን ተወሰነ።

በተለመዱት የእርዳታ ሠንጠረዦች ይህ መዘግየት ቦታ የለውም። ድንኳን ተቆጥሯል፣ መድኃኒት ተቆጥሯል፣ የጉባኤው 2 ቢሊዮን በየዜናው ተጠቅሷል። ኢራቅ እጅግ በተጨነቀችባቸው ዓመታት በካዝናዋ የቀረው የነዳጅ ገቢ ግን የማንም ስጦታ ተብሎ አልተመዘገበም። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ቃል የተገባ ብድር «እርዳታ» ከተባለ፣ ጦርነቱ ሳያበቃ በእጅ እንዲቆይ የተፈቀደ ገንዘብ ምን ሊባል ነው?

በአገራችን የሽምግልና ሥርዓት ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም። ሽማግሌዎች ካሳ ከቆረጡ በኋላ ተበዳዩን «ስለ እግዚአብሔር፣ ስለ እኛም ስትል» ብለው ከካሳው እንዲተው ይለምናሉ። ተበዳዩ የተወው በምስክሮች ፊት ይነገርለታል፤ ከተቀበለው ጋር እኩል ይታወሳል። እንዲህ ያለውን ነገር የሚይዝ ዓምድ የጎደለው በዘመናዊው የእርዳታ ሒሳብ ነው።

እዚህ ላይ የሚቀርበው ተቃውሞ ጠንካራ ነው። ኩዌት አልተወችም፤ አዘገየች እንጂ። የመጨረሻው ክፍያ በጃንዋሪ 2022 ተፈጽሟል፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በቀጣዩ ወር በውሳኔ ቁጥር 2621 የኮሚሽኑን ሥራ ዘግቷል። ሙሉ በሙሉ የተሰበሰበን ዕዳ ልግስና ማለት ቃሉን ማርከስ ነው የሚሉ የጥናት ጓደኞች አሉኝ። ግማሽ እውነት አላቸው፤ ምሕረትና መዘግየት አንድ አይደሉም። ነገር ግን የገንዘብ ዋጋ በጊዜው ይለካል፤ በ2015 ለደመወዝና ለተፈናቃይ መጠለያ የዋለ ዶላር በ2021 ከሚከፈለው ዶላር ጋር በክብደት አይተካከልም። ደግሞም ብድር ወለድ ተጨምሮበት እንደሚመለስ እያወቅን የእርዳታ ሠንጠረዥ ውስጥ እናስገባዋለን። ለብድር የሰጠነውን ቦታ ለመዘግየት የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

ጉዳዩን ከሩቅ ያለ የባሕረ ሰላጤ ታሪክ አድርጎ ማየትም አይቻልም። የአልጀርሱ ስምምነት አንቀጽ 5 ያቋቋመው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን በኦገስት 2009 የመጨረሻ ውሳኔውን ሲሰጥ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈርዷል። ኮሚሽኑ ከባድ ካሳ በሁለቱ አገሮች ድሃ ሕዝብ ላይ ሊያደርስ የሚችለውን ጫና በውሳኔው ውስጥ አንሥቶ መርምሯል። ክፍያው ሳይፈጸም ቀረ። ያ አለመክፈል መተላለፍ ነው፣ መተው ነው፣ ወይስ መዘንጋት? የመጀመሪያው ከሆነ ዕዳው ለሌላ ቀን ቆሟል፤ ሁለተኛው ከሆነ የተወው ወገን ሊነገርለት ይገባል። ሦስተኛው ከሆነ ደግሞ በሁለቱም ድንበር ያሉ ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች ተጠያቂ የሌለው ውሳኔ ይዘው ቀርተዋል። ልዩነቱ ሕጋዊ ብቻ አይደለም፤ በዛላምበሳ ወይም በሰንዓፈ ለሚኖር ሰው የሚሰጠው መልስ በዚሁ ይለያያል።

ለመመረቂያ ጥናቴ ባዘጋጀሁት ሠንጠረዥ ከ1991 እስከ 2022 ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ሦስት ዓምዶች ከፍቻለሁ፦ ኢራቅ ለኩዌት የከፈለችው፣ ኩዌት ለኢራቅ የሰጠችው፣ ኩዌት መቀበል ሲገባት ያቆየችው። ሦስተኛውን ዓምድ ለመሙላት የዓመቱን የነዳጅ ገቢ በ5 በመቶ ማባዛትና በትክክል ከተከፈለው ጋር ማነጻጸር ይበቃል፤ የሚያስፈልገው መረጃም በይፋ የታተመ ነው። የሚቀረው፣ ውጤቱ በየትኛው ትምህርት ክፍል ፊት መቅረብ እንዳለበት መስማማት ነው።