ልጁ «ደህና ነኝ» ሲል ማን ያስቁመው?

ባለፈው ጥር አንድ ሐሙስ ማታ፣ እዚህ ለንደን ቤታችን እራት ላይ ተቀምጠን የ15 ዓመቱ ልጄ «ቅዳሜ ጨዋታው ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ጠየቀ፡፡ ነገርኩት፡፡ ጥቂት ቆይቶ ያንኑ ጥያቄ ደገመው፡፡ እኔ የደከመው መስሎኝ አለፍኩት፡፡ እናቱ ግን መብላቷን አቁማ «ዛሬ ልምምድ ላይ ምን ሆነህ ነበር?» አለችው፡፡ «ምንም፤ ደህና ነኝ» አለ፡፡

ደህና አልነበረም፡፡ ብዙ ከወተወትነው በኋላ እንደነገረን፣ የቡድን ጓደኛውን ይዞ ሊጥል ዝቅ ሲል የልጁ ጉልበት ጭንቅላቱን መትቶታል፡፡ ለጥቂት ሰከንዶች የት እንዳለ አላወቀም፡፡ ከዚያ ተነሥቶ ልምምዱን ጨረሰ፡፡ ለአሠልጣኙ ያልተናገረው ከቅዳሜው ቡድን እንዳይቀነስ ነበር፡፡

ልጄ የሚጫወተው ራግቢ ነው፡፡ 15 ለ15 ሆነው እንቁላል መሰል ኳስ በእጅ ይዘው የሚሮጡበት፣ ኳስ የያዘውን ተጋጣሚ በክንድ ጠምጥሞ መጣል የተፈቀደበት ጨዋታ ነው፡፡ ይህን መጣል ታክል ይሉታል፡፡ የልጄ ሳምንት እንዲህ ነው፤ ሰኞና ረቡዕ ክብደት ማንሳት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ልምምድ፣ ቅዳሜ ለትምህርት ቤቱ፣ እሑድ ለሠፈሩ ክለብ ጨዋታ፡፡ የሚያርፈው ዓርብ ብቻ ነው፡፡ እውነቱን ለመናገር ይህን ፕሮግራም ለዘመድ ወዳጅ በኩራት ሳወራ የከረምኩት እኔው ነኝ፡፡

በዚህ አገር ስለ ጉዳዩ መመሪያ ጠፍቶ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ለብሪታንያ አማተር ስፖርት በሙሉ የወጣው መመሪያ ጭንቅላቱን ተመትቶ ኮንከሽን የተጠረጠረበት ሰው ወዲያውኑ ከሜዳ እንዲወጣ፣ ቢያንስ 14 ቀን ያለ ምንም ምልክት ሳይቆይ ግጭት ወዳለበት ልምምድ፣ 21 ቀን ሳይሞላው ደግሞ ወደ ውድድር እንዳይመለስ ያዛል፡፡ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የእንግሊዝ ራግቢ ፌዴሬሽን ከፕሮፌሽናል ደረጃዎች በታች ባለው ጨዋታ፣ ትምህርት ቤቶችን ጨምሮ፣ ከደረት አጥንት ግርጌ በላይ ታክል ማድረግን ከልክሏል፡፡

እነዚህ ደንቦች የመጡት በዋጋ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2011 በሰሜን አየርላንድ አንድ የ14 ዓመት ተማሪ በትምህርት ቤት ግጥሚያ ላይ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ በጨዋታው ቀጥሎ ሕይወቱ አለፈ፡፡ የመጀመሪያው ምት ሳይሽር ሌላ ሲጨመርበት፣ በተለይ በታዳጊዎች ላይ፣ አንጎል በፍጥነት ሊያብጥ ይችላል፡፡ በአዋቂዎቹ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2003 ከእንግሊዝ ጋር የዓለም ዋንጫ ያነሣው ስቲቭ ቶምፕሰን በ42 ዓመቱ የመርሳት በሽታ እንዳለበትና ያንን ድል ጨርሶ እንደማያስታውስ በታኅሣሥ 2020 በአደባባይ ተናግሯል፡፡

ታዲያ መፍትሔው መከልከል ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 ከ70 በላይ ሐኪሞችና ምሁራን በትምህርት ቤት ራግቢ ታክል እንዲቀር መንግሥትን በግልጽ ደብዳቤ ጠይቀው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም፡፡ እኔም እስከዚያ ድረስ አልሄድም፡፡ ልጄ በዚህ ጨዋታ ሰዓት ማክበርን፣ ሽንፈትን መቻልን፣ ለጓደኛ መድረስን ተምሯል፡፡ ሊሻሻል የሚገባው ግን ብዙ ነው፡፡ በ15 ዓመት ዕድሜ አንዱ ገና ልጅ ሲሆን ሌላው ጎረምሳ ነው፤ ሁለቱን በዕድሜ ብቻ ማጋጠም አደጋ አለው፡፡ ኒውዚላንድ ውስጥ በአንዳንድ አካባቢዎች ልጆችን በክብደት ጭምር የሚመድቡት ለዚህ ነው፡፡

ዋናው ችግር ግን ከዚህም ይጠልቃል፡፡ መመሪያው በሙሉ የሚሠራው አንድ ሰው «ይህ ልጅ ተመትቷል» ካለ ብቻ ነው፡፡ ማን ይበል? ልጁ ቦታውን እንዳያጣ ይደብቃል፡፡ አሠልጣኙ ቅዳሜ ማሸነፍ ይፈልጋል፡፡ ወላጅ እንደኔ በኩራት ታውሯል፡፡ ሦስታችንም ልጁን እንወዳለን፤ ሦስታችንም ግን ልጁ እንዲጫወት የሚገፋፋን ጥቅም አለን፡፡

በዚያው ሐሙስ ማታ ለጤና አገልግሎቱ ደውለን ልጁን አስመረመርን፤ ኮንከሽን መሆኑ ተነገረን፡፡ በማግሥቱ አሠልጣኙ ጋ ስደውል «ቅዳሜ ጠዋት ራሱን ካላመመው ምን ችግር አለው?» አለኝ፡፡ ክፉ ሰው አይደለም፤ መመሪያውንም ያውቀዋል፡፡ ነገር ግን የዋንጫው ግማሽ ፍጻሜ በሁለተኛው ሳምንት ነበር፡፡ ስለዚህ ተጫዋች የመምረጥ ሥልጣንና ተጫዋች የማስቆም ሥልጣን በአንድ ሰው እጅ መሆን የለበትም እላለሁ፡፡ በየልምምዱና በየግጥሚያው ውጤቱ የማይመለከተው፣ ምልክቶቹን የሠለጠነ፣ ቃሉ የማይሻር አንድ ሰው ይቁም፡፡ ነርስ ቢሆን መልካም ነው፤ ሥልጠናውን የወሰደ የሒሳብ መምህርም ይበቃል፡፡

አዲስ አበባ ያለው አንባቢ «ራግቢ የለንም፤ ምን አገባን?» ሊል ይችላል፡፡ ይሁን እንጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቻችንን የምንወስድበት የእግር ኳስ ልምምድም ላይ ጭንቅላት ከጭንቅላት ይጋጫል፡፡ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ዕድሜያቸው 11 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በልምምድ ላይ ኳስ በቴስታ እንዳይመቱ የወሰነው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 ነው፡፡ እኛ ዘንድ ደግሞ «ወንድ ልጅ አመመኝ አይልም» እያልን አሳድገናቸው፣ ሲያማቸው እንዲነግሩን እንጠብቃለን፡፡

ልጄ 21 ቀኑን ከመስመር ውጭ ቆሞ ጨረሰ፡፡ ግማሽ ፍጻሜው አመለጠው፤ ቡድኑም ተሸነፈ፡፡ እኔን ለአንድ ሳምንት አላናገረኝም፡፡ ዛሬም እየተጫወተ ነው፤ ከሜዳ ሲመለስ ግን «አሸነፋችሁ?» ከማለቴ በፊት «ተመትተሃል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ፡፡ ልጅዎን ለየትኛውም ስፖርት ሲያስመዘግቡ ስለ ክፍያውና ስለ መለያው ብቻ አይጠይቁ፡፡ «ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ ሲኖር የሚያስቆመው ማን ነው?» ይበሉ፡፡ መልሱ «ልጁ ራሱ ይነግረናል» ከሆነ፣ የሚያስቆመው ሰው የለም ማለት ነው፡፡