ጥርሱ እውነተኛ ቢሆንስ?



ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ከማዕከላዊ ገበያ የመዳፍ ስፋት ያለው ጥቁር የሻርክ ጥርስ ገዝቶ መጣ። ሻጩ «ከዳናኪል ጨው ሥር የወጣ የሜጋሎዶን ጥርስ ነው» ብሎታል። ወንድማችን አዲስ አበባ ወስዶ ለውጭ ዜጋ አትርፎ ሊሸጠው አስቧል።

ተሰብስበን አየነው። እውነተኛ ቅሪተ አካል ድንጋይ ስለሆነ ይከብዳል፣ እጅም ላይ ይቀዘቅዛል። ይሄ ቀላል ነው። በማጉያ መነጽር ስናየው ትናንሽ የአየር ጉድጓዶችና በጠርዙ የሚዞር የመጋጠሚያ መስመር አለው። በቅርጽ ማውጫ የፈሰሰ ነገር ነው ማለት ነው። የጋለ መርፌ ሥሩን ስናስነካው ፕላስቲክ ፕላስቲክ ሸተተ።

መርፌውም ባይኖር ታሪኩ ራሱ ይበቃ ነበር። በዳናኪል ዳር የሚታየው የኮራል ድንጋይ 125 ሺህ ዓመት ገደማ ነው። ሜጋሎዶን ግን ከምድር የጠፋው ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። ዕቃ ስንገዛ የትውልድ አገሩን እንደምንጠይቅ ሁሉ፣ የጥርስም የመጣበት ቦታ ከዕድሜው ጋር መግጠም አለበት። ከሞሮኮ የሚመጣውንም ተጠንቀቁ፤ ጥርሱ እውነተኛ ሆኖ መንጋጋው በሙጫና በአሸዋ የተሠራ ብዙ አለ።

ከእኛ መካከል «እውነተኛ ቢሆን ኖሮ እንዴት ጥሩ ነበር!» ያሉ ነበሩ። በዚህ አንስማማም። ሐሰት ሆኖ ወንድማችን ያጣው ገንዘቡን ብቻ ነው። እውነተኛና ከአፋር ምድር የወጣ ቢሆን ኖሮ ኪሳራው የአገር ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ ያለፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል።

ከሕጉ በላይ ግን ይህን አስቡ። በ1985 ዓ.ም. ጃፓናዊው ጄን ሱዋ በመካከለኛው አዋሽ፣ አራሚስ ላይ አንድ መንጋጋ ጥርስ አገኘ። ያ ጥርስ የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷን አርዲን ለመሰሉ ግኝቶች በር ከፈተ። አንድ እረኛ አንስቶ፣ አንድ ነጋዴ ገዝቶ ድንበር ቢያሻግረው ኖሮ፣ የት እንደተገኘ የማይታወቅ ጠጠር ሆኖ በቀረ ነበር። ጅቡቲም ባሮጋሊ ላይ ከድንጋይ መሣሪያዎች ጋር የተገኘ የጥንት ዝሆን አላት። የዝሆኑ ዋጋ ያለው ከመሣሪያዎቹ ጋር በመገኘቱ ነው።

«እረኛውስ ምን ይብላ?» ለሚሉን፣ ጥያቄው ተገቢ ነው። አዋጁ በአጋጣሚ ያገኘውን ለሚያስረክብ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጥ ይላል። መጮህ ያለብን ሽልማቱ እረኛው እጅ እንዲደርስ ነው።

እኛ ጨርቅ፣ ሽቶና ቡና እንነግድ። ጥርስ ይዞ የመጣ ካለ፣ ከየት እንዳነሳው ጠይቁት፤ አትግዙት፣ አታሻግሩት። እውነተኛ ከመሰላችሁ ላገኘበት አገር ሙዚየም እንዲያሳይ ምከሩት።