ዝም ያለች ልጅ ሁሉ ደህና ናትን?

በአገራችን ጭምት ልጅ የተመሰገነ ነው። እንግዳ ሲመጣ አንገቱን የሚደፋ፣ ሲጠየቅ በለሆሳስ የሚመልስ፣ ከቤት የማይወጣ ልጅ ያላት እናት «ጨዋ ልጅ አሳድገሻል» ትባላለች። ጨዋነት መልካም ነው፤ እኛም አንነቅፈውም። ነገር ግን ከጨዋነት የመጣ ዝምታና ከፍርሃት የመጣ ዝምታ ከሩቅ ሲያዩአቸው ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱን ከሌላው ሳንለይ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዛሬ ልናወያይዎ ያሰብነው ስለዚሁ ነው።

ጉዳዩ በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሚኖሩ ወላጆችን ይመለከታል። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይ የከበደው ቤተሰብ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ወደተጠቃለሉት ወደ እነዚህ ከተሞች መውጣት ከጀመረ ዓመታት ተቆጥረዋል። ብዙ እናቶችና አባቶች ግን ሥራቸው አሁንም አዲስ አበባ ስለሆነ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው በአየር ጤና፣ በአስኮ ወይም በአዲሱ ገበያ በኩል ይገባሉ፤ ሲመሽ ይመለሳሉ። ወላጅ የቀድሞ ባልደረቦቹን በሥራ ቦታው ያገኛቸዋል። አብሮ አደጎቹን ትቶ የመጣውን ልጅ ግን አዲስ ሰፈርና አዲስ ትምህርት ቤት ይጠብቁታል፤ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ በመሆኑም ብዙውን ጊዜ አዲስ ቋንቋ ይጨመርበታል።

አንዲት ወዳጃችን ያጫወተችንን እንንገርዎ። የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዛ ቡራዩ ገባች። ልጅቱ ትምህርት በጀመረች በሁለተኛው ሳምንት በአፋን ኦሮሞ ክፍለ ጊዜ አንድ ቃል አጣማ ብታነብ ክፍሉ ሳቀ። በክፋት አልነበረም፤ ልጅ ይስቃል። እርሷ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እጇን አውጥታ አታውቅም። እናት ይህን አልሰማችም። እንዲያውም «የእኔ ልጅ ጎረቤት እንኳ አታውቅም» እያለች በቡና ላይ ትመካ ነበር። ነገሩን የገለጠው ምሳ ዕቃው ነው። ጠዋት የቋጠረችላት እንጀራ ማታ ሳይነካ ይመለስ ጀመር። «አልራበኝም» ስትል ሰንብታ፣ በመጨረሻ «ሁሉም በቡድን ነው የሚበሉት፤ ብቻዬን ስበላ ያዩኛል» ብላ አለቀሰች።

ወዳጃችን በመጀመሪያ ያደረገችው አብዛኞቻችን የምናደርገውን ነው፤ ተቆጣች። «አፍ የለሽም ወይ? ሂጂና ተቀላቀያቸው!» አለቻት። ይህ ግን ለዓይን አፋር ልጅ፣ ሳይጠሩ በማያውቁት ሰው ድግስ ገብቶ የመቀመጥን ያህል ከባድ ነው።

ስለዚህ ዓይነቱ ችግር ልብ ወለድ ጭምር ተጽፏል። አሜሪካዊቷ ደራሲ አር. ጄ. ፓላሲዮ እ.ኤ.አ. በ2012 ለአዳጊዎች ያሳተመችው «ወንደር» የተባለው መጽሐፍ፣ ከልደቱ ጀምሮ ፊቱ ከሌሎች የተለየ ኦጊ የሚባል የአሥር ዓመት ልጅ ታሪክ ነው። እስከ አምስተኛ ክፍል ቤቱ ተምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ሲገባ በምሳ ሰዓት ብቻውን ይቀመጣል። ያን ጊዜ ሳመር የምትባል ልጅ ማንም ሳያዛት መጥታ ከገበታው ትቀመጣለች። ሌሎቹ ልጆች ወዲያው አልቀረቡትም፤ እርሱ ግን ከእንግዲህ ብቻውን አይበላም። ለዓይን አፋር ልጅ የሚያስፈልገው ሃያ ጓደኛ ሳይሆን አንድ ነው።

ይህን ታሪክ ለወዳጃችን ነገርናት፤ እርሷም ማታ ማታ እየከፈለች ለልጇ ተረከችላት። ስለ ራሷ አንድ ቃል የማይወጣት ልጅ ስለ ኦጊ ግን ብዙ ተናገረች። እናትም የልጇን ልብ በእርሱ በኩል ሰማች።

ከዚያም በአጥር የሚለያዩአትን ጎረቤቷን አነጋገረች። የጎረቤቷ ልጅ በዚያው ትምህርት ቤት ናት። «ሂዱና ተጫወቱ» አላሏቸውም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብረው ወፍጮ ቤት ላኳቸው እንጂ። ወረፋ ሲጠብቁ አንዷ ሒሳብ ታስረዳለች፣ ሌላዋ አፋን ኦሮሞ ታስጠናለች። ሁለት ልጆች ሥራ ከያዙ ወሬው ራሱ ይመጣል።

እርስዎስ ምን ቢያደርጉ ይበጃል? በእንግዳ ፊት «ይህች እኮ ምላስ የላትም» አይበሉ፤ የተሰጣትን ስም ይዛ ታድጋለች። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባለ ንግግሩ የሚናቅ ልጅ በቤቱ ያልለመደውን በውጭ ከየት ያመጣዋል? ድፍረትን በትንሽ በትንሹ ያስለምዷት፤ ሱቅ ይላኳት፤ ሚኒባስ ውስጥም «ወራጅ አለ» የምትለው እርሷ ትሁን። እርስዎ ራስዎ ጎረቤትዎን «አከም ጅርቱ» ብለው ቢጀምሩ ልጅዎ ትከተላለች፤ ተሳስተው ሲስቁብዎ አብረው ቢስቁ ደግሞ የበለጠ ትማራለች። የክፍሉን ኃላፊ መምህር ያነጋግሩ፤ ልጅን ከማን ጋር ማስቀመጥ እንደሚሻል የሚያውቀው እርሱ ነው። ምግብና እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ትምህርት ቤት መሄድንም ፈጽሞ ከጠላች ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት እንጂ «ያልፍላታል» ብለው አይተዉት።

ወዳጃችን በቀደም ማታ ምሳ ዕቃውን ልታጥብ ስትከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘችው። ጠርዙ ላይ የቀረው ወጥ ግን እርሷ የሠራችው ሽሮ አልነበረም፤ የጎረቤቷ ምስር ነበር።